የደብራችን ደን ዳር በሳማ ተወረረ፤ ከማሳው ዩሪያ ጋር ይያያዝ ይሆን?

መምህርት ዘሜጫ

እንደምን ሰነበታችሁ። ሜጫ ወረዳ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። ዛሬ የምጠይቃችሁ ግን ስለ ደብራችን ደን ነው።

ቤተክርስቲያናችን ተዳፋት ላይ ነው ያለው። ከበላዩ የበቆሎ ማሳ፣ ከበታቹ ወንዝ አለ። የቆጋ መስኖ ከመጣ ወዲህ አካባቢያችን በዓመት ሁለቴ ያመርታል። በክረምት በቆሎ፣ በበጋ ስንዴ ወይም ድንች ወይም ሽንኩርት። ማዳበሪያውም እንደዚያው በዓመት ሁለቴ ይገባል ማለት ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሰው ጠግቦ ያድራል።

ደኑ ግን በማሳው በኩል መልኩን ቀይሯል። ከዳር ወደ ውስጥ ሃያ ሰላሳ እርምጃ ያህል ሳማ ብቻ ነው፤ ትከሻ ይደርሳል። ሳማው ሲያልቅ ረጅም ሳርና ሐረግ ይቀጥላል። አሮጌዎቹ ወይራዎች ቆመዋል፤ ከሥራቸው ግን አንድ ችግኝ አይታይም። በወንዙ በኩል ስገባ ሌላ ደን ነው። የወይራና የዶቅማ ችግኝ እግር ማሳረፊያ አይሰጥም። ከጥዱ ቅርንጫፍ የሚንጠለጠለው የዛፍ ሽበት እንኳ በወንዙ በኩል አለ፣ በማሳው በኩል የለም።

መሪጌታን ጠየቅኋቸው። «በልጅነቴ ይኸ ዳር ሁሉ ቀጋና አጋም ነበር፤ ከቅዳሴ ስንወጣ ፍሬውን እንለቅም ነበር» አሉኝ።

በአውሮፓና በአሜሪካ ናይትሮጅን ሲበዛ ደን እንደሚጎዳ አንብቤያለሁ። ለሥራ ባልደረባዬ ሳነሳለት «ማዳበሪያ ተክል ያሳድጋል እንጂ እንዴት አድርጎ ይጎዳል?» አለኝ። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አጥጋቢ መልስ ግን አልሰጠሁትም። በአፈርና በደን ሥራ ያላችሁ፣ እስቲ አስረዱኝ። እኛ ጋ የሚታየው ይህ ነው? ከሆነስ ምን ይደረግ? ይህ ደን ለልጆቻችን ሳይተርፍ እንዲቀር አልፈልግም።

አራሹ ከይልማና ዴንሳ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብሁት። እኔ የተማርሁ ሰው አይደለሁም፤ አራሽ ነኝ። ዩሪያ ካልጨመርሁ በቆሎው ቢጫ ሆኖ ይቀራል። መሬቱ ለምዷል። ስለዚህ ማንም ተነስቶ «ማዳበሪያ ተው» ቢለኝ አልሰማውም፤ ልጆች አሉኝ።

አንድ ያየሁትን ግን ልንገራችሁ። የንብ ቀፎዎቼን በድንበር ላይ ነው የሰቀልኋቸው። ድሮ ድንበሩ ሁሉ ማገጥ ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ ንቦቹ እዚያ ይውሉ ነበር። አሁን ከማሳዬ ጎርፍ የሚወርድበት ድንበር ሳር ብቻ ሆኗል። ሳሩ ያማረ ነው፣ ለከብት ይሆናል። ማገጡ ግን ጠፋ። ጎርፍ በማይደርስበት በላይኛው ድንበር ደግሞ ማገጡ እስከ ዛሬ አለ። ምክንያቱን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩን።

የአፈር ሰው ከዳንግላ

መምህርት፣ አያ አራሹ፣ ሁለታችሁም ያያችሁት አንድ ነገር ነው። እኔ አፈር በመመርመር እንጀራ የምበላ ሰው ነኝ። የደብር ደን ነገር ደግሞ ያንገበግበኛል፤ ዝግባና ጥድ በደጉ ጊዜ ምን ይመስል እንደነበር የሚነግረን ሌላ ምስክር በጎጃም ደጋ ብዙም አልቀረንም። ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ከባልደረባዎ ጥያቄ ልነሳ። ከምንተነፍሰው አየር 78 በመቶው ናይትሮጅን ነው። ተክል ግን በዚያ መልኩ ሊጠቀምበት አይችልም። መጀመሪያ ወደ አሞኒያ ወይም ወደ ናይትሬት መቀየር አለበት። ያን ሥራ ለዘመናት የሠሩት ባክቴሪያዎችና መብረቅ ናቸው። በ1909 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ጀርመናዊው ፍሪትዝ ሃበር አሞኒያን ከአየር መሥራት እንደሚቻል አሳየ። በ1913 ካርል ቦሽ በፋብሪካ ደረጃ አስጀመረው። የዛሬው ዩሪያ የዚያ ልጅ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ደን ብዙው ያደገው ናይትሮጅን በጠበበበት ምድር ነው። ወይራውም፣ ጥዱም፣ ዶቅማውም በጥቂት ተብቃቅተው መኖርን የለመዱ ናቸው። ቅጠላቸው ወፍራም ነው፣ እድገታቸው ዝግ ያለ ነው፣ ያገኙትን ቆጥበው ይይዛሉ።

እንዲህ ባለ ቦታ ድንገት ናይትሮጅን ሲፈስ ዋነኛው ተጠቃሚ ወይራው አይደለም። ወይራ ቢሰጡትም በአንዴ አይፋጠንም። የሚፋጠነው ሳማ ነው፣ ሳር ነው፣ ሐረግ ነው። በአንድ ክረምት ትከሻ ይደርሳሉ፤ መሬቱን ይሸፍናሉ። የወይራ ፍሬ ወድቆ ቢበቅል እንኳ ብርሃን አያገኝም። ስለዚህ ለባልደረባዎ መልሱ ይህ ነው፦ እውነት ነው፣ ማዳበሪያ ተክል ያሳድጋል። ግን ሁሉንም እኩል አያሳድግም። ፈጣኑ ዝግተኛውን ይውጠዋል።

የአያ አራሹም ማገጥ እንዲሁ ነው። ማገጥ ከሥሩ ባለ እባጭ ውስጥ ባክቴሪያ ይዞ ናይትሮጅኑን ራሱ ያዘጋጃል። መሬቱ ድሃ ሲሆን ይህ ትልቅ ብልጫው ነው። መሬቱ በናይትሮጅን ሲጠግብ ብልጫው ይቀርና ሳሩ ከላይ ያፍነዋል። እንግሊዝ አገር ሮትሃምስቴድ በሚባል ቦታ ከ1856 ጀምሮ እስከ ዛሬ የቀጠለ የሳር መሬት ሙከራ አለ። ምንም ያልተጨመረባቸው መደቦች እስከ 40 የሚደርስ የተክል ዓይነት ይዘዋል። ናይትሮጅን በብዛት የተጨመረባቸው አንዳንዶቹ ሁለት ሦስት ዓይነት ሳር ብቻ ቀርቶባቸዋል። አያ፣ እርስዎ በድንበርዎ ያዩትን ነው እነሱ በመደብ ያዩት።

አሁን ወደ አፈሩ ልውረድ፤ ለእኔ ይበልጥ የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ዩሪያ አፈር ላይ ሲወድቅ በጥቂት ቀናት ውስጥ ወደ አሞኒያ ይለወጣል። ላዩ ላይ ከተበተነና ካልተሸፈነ ከፊሉ ተንኖ ይሄዳል፤ ብዙም ሳይርቅ ቅጠልና ቅርፊት ላይ ያርፋል። የቀረውን አሞኒያ ባክቴሪያዎች ወደ ናይትሬት ሲቀይሩት አሲድ ይለቃሉ። ናይትሬቱን ደግሞ አፈር አጥብቆ አይዘውም። ከውሃ ጋር ሲወርድ ካልሲየምና ማግኒዚየም ይዞ ይወርዳል። አፈሩ በአንድ ጊዜ ይኮመጥጣልም፣ ይደኸያልም። ፒኤቹ (የአፈር ኮምጣጣነት መለኪያው፤ ሲወርድ ኮምጣጣነቱ ይጨምራል) ከ5.5 በታች ሲወርድ በአፈሩ ውስጥ ታስሮ የኖረው አልሙኒየም ይሟሟል፤ የሥርን ጫፍ ይመርዛል። ሥሩ ያጥራል፣ ውሃ ፍለጋ መሄድ ያቅተዋል።

የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ቀይ አፈር ገና ከጥንቱ ዝናብ ያጠበው አፈር ነው። ኖራ በየዓመቱ ወደ ማሳ የምናጓጉዘው ለዚህ አይደል? ለማሳው ኖራ አለው። ለደኑ ግን ማንም ኖራ አያመጣለትም። ካልሲየሙን ዛፉ ራሱ ከጥልቅ በሥሩ እየሳበ፣ በቅጠሉ እያራገፈ፣ መልሶ እየወሰደ ነው ያቆየው። ያ ዑደት ከተሰበረ የሚጠግነው ዘመን ነው።

ስለ ፈንገስም አንድ ነገር። የኛ ጥድ፣ ወይራና ዝግባ ከሥራቸው ሕዋስ ውስጥ ከሚኖሩ ፈንገሶች ጋር ተጋግዘው ነው የሚኖሩት። ፈንገሱ ፎስፈረስና ውሃ ያመጣል፣ ዛፉ ስኳር ይሰጠዋል። አፈሩ በማዳበሪያ ሲጠግብ ዛፉ ለፈንገሱ የሚከፍለውን ይቀንሳል። ክፉ ዘመን ሲመጣ፣ ድርቅ ሲሆን፣ ያ አጋዥ ሳስቶ ይገኛል። ከማሳ የሚመጣው ጎርፍ ደግሞ ናይትሮጅን ብቻ አይደለም። ኤንፒኤስ የሚባለው ማዳበሪያ 19 በመቶ ናይትሮጅን፣ 38 በመቶ ፎስፌት አለው። ፎስፌቱ ከአፈሩ ጋር ተጣብቆ ይወርዳል። ሳማ ሁለቱንም ይወዳል።

የዛፍ ሽበቱን በማስተዋልዎ ደስ ብሎኛል። ሥር የለውም፤ ምግቡን የሚያገኘው ከአየርና ከዝናብ ነው። ስለዚህ አሞኒያ ሲኖር ቀድሞ የሚሄደው እሱ ነው። እርጥበትም ስለሚፈልግ ግን በወንዙ በኩል መኖሩ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ይኸውም ወደ ዋናው ጥንቃቄ ያመጣኛል። ሁሉንም በዩሪያ ላይ መጫን አይገባም። የደን ዳር በተፈጥሮው ብርሃን ይበዛበታል፣ ነፋስ ያደርቀዋል፤ ሳርና ሐረግ ያንን ይወዳሉ። ከዚያ ከብቱ አለ። በበጋ ቃርሚያ ሲበላ ውሎ ቀትር ላይ የሚያርፈው የት ነው? ደኑ ዳር ጥላ ሥር። የማሳውን ናይትሮጅን በሆዱ ተሸክሞ ደኑ ውስጥ በእበትና በሽንት ያወርደዋል። ችግኙንም ይረግጣል፣ ይበላል። በክብረ በዓል ቀን የሚሰበሰበው ሕዝብና በቅሎም እንዲሁ። እነዚህን ሳይለዩ ገበሬውን መውቀስ ፍርደ ገምድልነት ነው።

የሚለዩት እንዲህ ነው። ከማሳው ጫፍ እስከ ወንዙ አንድ ቀጥ ያለ መስመር ይያዙ። በየአሥር እርምጃው ቅጠሉን ገለጥ አድርገው አፈር ይውሰዱ፤ ምን እንደበቀለም ይጻፉ። ከዚያ ሌላ መስመር ይጨምሩ፤ ጎርፍ በማይገባበት ግን ከብት በሚያርፍበት ዳር። ሁለቱ መስመሮች ላይ ሳማው እኩል ከሆነ ዋናው ጉዳይ ጎርፉ ሳይሆን ከብቱ ወይም የዳሩ ብርሃን ነው። ጎርፉ በሚገባበት ብቻ ከሆነ ማሳው ነው። ተማሪዎችዎ ሊሠሩት የሚችሉት ሥራ ነው፣ ያውም ጥሩ የባዮሎጂ ትምህርት።

ማስረጃ የሚሹ ካሉ በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ሃርቫርድ ፎረስት ውስጥ ከ1988 ጀምሮ የተሠራውን ይመልከቱ። በዓመት በሄክታር 50 እና 150 ኪሎ ናይትሮጅን ደን ላይ ጨመሩ። ሰፊ ቅጠል ያላቸው ዛፎች መጀመሪያ እድገታቸው ጨመረ። ጥድ መሰሎቹ ግን ብዙ በተጨመረበት መደብ እየሞቱ ሄዱ። የወደቀው ቅጠል መበስበሱም ዘገየ። በአንድ ሄክታር በቆሎ ላይ ሁለት ኩንታል ዩሪያ የሚጨምር ገበሬ 92 ኪሎ ናይትሮጅን አሳረፈ ማለት ነው። በዓለም ደረጃ ሲታይ ሰብል የሚወስደው ግማሽ ያህሉን ነው። ግማሹ የሚሄድበት አለው።

የፍኖተ ሰላም ልጅ ከኔዘርላንድ

ከፍኖተ ሰላም ነኝ፤ ኔዘርላንድ የዛፍ ችግኝ ጣቢያ ውስጥ እሠራለሁ። ወንድሜ ከዳንግላ የጻፈውን በዓይኔ የማየው ነገር ነው።

እዚህ ችግሩ በዋናነት የሚመጣው ከከብትና ከአሳማ እርባታ ነው። አሞኒያው ወደ አየር ወጥቶ በዝናብም በደረቁም ደን ላይ ይወርዳል። በአማካይ በዓመት በሄክታር ወደ 20 ኪሎ ናይትሮጅን ይደርሳል። ማንም ማዳበሪያ ሳይበትንበት፣ ከሰማይ። በምሠራበት አካባቢ ባለው ጫካ ስሄድ ዛፉ ሥር ሳርና እንጆሪ ተደርቦ ነው የሚታየው።

ልቤን የነካኝ የቀንድ አውጣው ታሪክ ነው። አፈሩ ካልሲየሙ ሲታጠብ ቀንድ አውጣዎች ዛጎላቸውን የሚሠሩበት አጡና ተመናመኑ። እነሱን እየበሉ እንቁላል የሚጥሉ ትንንሽ ወፎች ደግሞ የእንቁላላቸው ቅርፊት ሳሳ። ጫጩት አጥንቱ ደካማ ሆኖ ጎጆ ውስጥ እግሩ የሚሰበርም አለ። ከአየር የወረደ ናይትሮጅን የወፍ እግር ሰበረ ብል ማን ያምነኛል? ሰንሰለቱ ግን ያ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ2019 የአገሪቱ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤት መንግሥት ናይትሮጅን የሚለቁ ሥራዎችን የሚፈቅድበትን አሠራር ሻረው። ብዙ ግንባታ ቆመ። ገበሬዎች በትራክተር መንገድ ዘጉ። እስከ ዛሬ አልበረደም። እናንተ ጋ ነገሩ ገና ከዳር ነው። ዳር ላይ እያለ መያዝ የሚቻለውን እኛ ጋ መሐል ከገባ በኋላ ነው የያዝነው።

የባንጃው

እኔ ከአዊ ነኝ። ፋግታ ለኮማ አካባቢ ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ ተክለን ነው የኖርነው። በመጀመሪያው ዓመት ጤፍ እንዘራበታለን፣ ከዚያ ሳሩን እናጭዳለን፣ ሲደርስ ከሰል። ዲከረንስ ናይትሮጅን ለአፈሩ ይሰጣል ሲሉ እሰማለሁ። ታዲያ እሱም ብክለት ነው ማለት ነው?

የአፈር ሰው ከዳንግላ

ወንድሜ፣ አይደለም። ዲከረንስ ከአውስትራሊያ የመጣ፣ ልክ እንደ ማገጡ በሥሩ ባክቴሪያ የሚይዝ ዛፍ ነው። የተራቆተ መሬት ላይ ናይትሮጅን ማስገባቱ በጎ ነው፤ የጤፉም ምርት ምስክር ነው። ሁለት ነገር ብቻ ልብ በል። አንደኛ፣ ዛፉ በየጥቂት ዓመቱ ተቆርጦ ሲሄድ ካልሲየሙም አብሮ ይሄዳል፤ መሬቱ እየኮመጠጠ መምጣቱ አይቀርም። ቅጠሉንና ቅርንጫፉን መሬቱ ላይ ተወው፣ ግንዱን ብቻ ውሰድ። ሁለተኛ፣ ደብር ቅጥር ጥግ ድረስ አትትከለው። ዘሩ ይዘምታል። ናይትሮጅኑም በድህነት የኖረ ደን አጠገብ ቦታው አይደለም።

መምህርት ዘሜጫ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ከዳንግላ፣ የከብቱን ነገር አላሰብሁትም ነበር። እውነትም በማሳው በኩል ካለው ዳር ግማሹ የከብት ማረፊያ ነው። ሁለቱን መስመር ከተማሪዎቼ ጋር እይዛለሁ።

መሪጌታና ሰበካ ጉባኤው ግን አሁኑኑ የሚደረግ ነገር ይፈልጋሉ። አንዱ ሽማግሌ «አፈሩ ከኮመጠጠ ለማሳው የመጣውን ኖራ ለምን ደኑም ውስጥ አንበትንም?» አሉ። ምን ልበላቸው? ደግሞ ከበላያችን የሚያርሱት የደብሩ ምእመናን ናቸው፤ ሳላስቀይማቸው እንዴት ልንገራቸው?

የአፈር ሰው ከዳንግላ

ኖራውን ማሳው ላይ ይበትኑት፤ ያ ለደኑም ይጠቅማል። በቆሎው ሥሩ ሲጠነክር ናይትሮጅኑን የበለጠ ይወስዳል፣ የሚታጠበው ይቀንሳል። ደኑ ውስጥ ግን አይበትኑ። አሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር ሃባርድ ብሩክ በሚባል የደን ምርምር ቦታ በ1999 ካልሲየም ያለበት ማዕድን በአንድ ተፋሰስ ላይ በተኑ። ዛፎቹ ተሻላቸው። ከዓመታት በኋላ ግን አፈሩ ለረጅም ዘመን ያከማቸውን ናይትሮጅን መልቀቅ ጀመረ፤ በወንዙ ናይትሬቱ ጨመረ። የእርስዎ ወንዝ ደግሞ ወደ ቆጋ፣ ከዚያ ወደ ግልገል ዓባይ፣ ከዚያ ጣና ነው የሚገባው። ጣና ላይ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2011 ወዲህ እምቦጭ ምን እንዳደረገ ሁላችንም እናውቃለን። በወንዙ ዳር ያለው የደኑ ክፍል እርጥብ ስለሆነ ባክቴሪያዎቹ ናይትሬቱን መልሰው ወደ አየር ይሰዱታል። ያ ክፍል ለጣናም እየሠራ ነው፤ እንዳይነካ።

አሁን የሚደረገው ይህ ነው። በማሳውና በደኑ መካከል ውሃውን ወደ ጎን የሚወስድ ቦይ ይቆፈር። ከቦዩ በላይ በአምስት ስድስት እርምጃ ስፋት ደሾ ሳር ወይም የዝሆን ሳር ይተከል። ሳሩ ይታጨድ፣ ከቦታው ይወሰድ፤ ለከብት ይሁን። ሳሩ ካልተነሳ ናይትሮጅኑ እዚያው ይበሰብሳል፣ ልፋቱ ከንቱ ነው። የመሬቱ ባለቤት ያን ያህል ስፋት ስለሚያጣ ሳሩ የሱ ይሁን። ሳማውም እንደዚያው ነው፤ ሳያፈራ ይታጨድና ከደኑ ይውጣ። ለጾም ወጥ የሚፈልግ ለጋውን ይቁረጥ። ከብቱ ከቅጥሩ ይራቅ፤ በዙሪያው የድንጋይ አጥር ያሠሩ ደብሮች በሰሜኑ ክፍል አሉ፣ ችግኝ የተመለሰላቸው።

ለምእመናኑ ስለ ደኑ ሳይሆን ስለ ገንዘባቸው ይንገሯቸው። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ዩሪያውን ላይ ላዩን ከመበተን ከተክሉ ጎን ጣት በሚያህል ጥልቀት አስገብቶ አፈር ማልበስ ነው። አፈሩ እርጥብ ይሁን፣ ሰማዩ ግን ለከባድ ዝናብ ያልደመነበት ቀን ይመረጥ። ዩሪያ በዚህ ዋጋ እየተገዛ ተንኖና ታጥቦ ሲሄድ ማየት ማንንም ያማል። አያ አራሹ እዚህ ስላሉ ይመስክሩ።

አራሹ ከይልማና ዴንሳ

እውነቱን ነው። ሸፍኖ መጨመር ጉልበት ይበላል፣ የሰው እጅ ይፈልጋል። ግን ሸፍኜ የጨመርሁበት በቆሎ ይለያል። እህቴ፣ ለምእመናኑ ደቦ አስጠሪላቸው። ቦዩንም በደቦ ቆፍሩት፤ ደብር ነው፣ ማንም እምቢ አይልም። እኔም በታችኛው ድንበሬ ደሾውን እሞክረዋለሁ፤ ማገጡ ቢመለስልኝ ለንቦቼ ነው።

የአፈር ሰው ከዳንግላ

መምህርት፣ አንድ የቀረኝ። ናሙናውን ሲወስዱ ቅጠሉንና ብስባሹን ለብቻ፣ ከሥሩ ያለውን አፈር ለብቻ ያድርጉ፤ ሁለቱ ከተቀላቀሉ ውጤቱ አይነበብም። የማዳበሪያ ከረጢት አይጠቀሙ፣ ትራፊው ያበላሸዋል። ጥላ ሥር ያድርቁት። ባህር ዳር የአፈር ላቦራቶሪ አለ፣ አዴት የግብርና ምርምር ማዕከልም ለእናንተ ሩቅ አይደለም። ሲያስመረምሩ ፒኤች፣ ናይትሬት፣ ካልሲየምና የሚሟሟ አልሙኒየም ብለው ይጠይቁ። በወንዙ በኩል ያለውን ናሙና አይርሱ፤ ያለ እሱ የማሳው በኩል ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግረንም። ውጤቱ ሲደርስዎ ቁጥሩን እዚሁ ይለጥፉት፤ አብረን እናነበዋለን።